ቲቢን ከላም ወሰድን ወይስ ላም ከእኛ?

በ1908 በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው ሊል ከተማ፣ ሐኪሙ አልቤር ካልሜት እና የእንስሳት ሐኪሙ ካሚል ጌራን በላቦራቶሪ የሚያሳድጉት የቲቢ ባክቴሪያ እርስ በርሱ እየተጣበቀ አስቸገራቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንዳይጓጉል ብለው የበሬ ሐሞት ጨመሩበት። ድንች ቆርጠው በሐሞትና በግሊሰሪን ቀቀሉና፣ ጡቷ በቲቢ ከታመመ ላም የተገኘውን ባክቴሪያ በቁራጩ ላይ ዘሩት። ሦስት ሳምንት ጠብቀው ከበቀለው ላይ ጥቂት ቆንጥረው ወደ አዲስ ቁራጭ አዛወሩ። ከዚያ እንደገና፣ አሁንም እንደገና። ሊል በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ጦር በተያዘችባቸው ዓመታት እንኳ ሥራው አልተቋረጠም። በ13 ዓመት ውስጥ 230 ጊዜ አዛወሩት፤ በመጨረሻም ያ ገዳይ ባክቴሪያ የሙከራ እንስሳትን ማሳመም ተሳነው። በ1921 ፓሪስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሕፃን በአፉ ተሰጠ። ብዙዎቻችን ክንዳችን ላይ ጠባሳውን ይዘን የምንኖረው የቢሲጂ ክትባት ይህ ነው።

ሁለቱ ሰዎች ባክቴሪያው መድከሙን አዩ እንጂ ምን ነክቶት እንደደከመ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። መልሱ የተገኘው ሁለቱም ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1996 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የቢሲጂን ዲኤንኤ ከላሟ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ጋር አነጻጽረው ሲያዩት፣ ሦስት ቦታ ላይ ከክትባቱ የጎደለ ቁራጭ እንዳለ ደረሱበት። አንደኛው፣ አርዲ 1 ብለው የሰየሙት፣ በየትኛውም አገር በሚመረት ቢሲጂ ውስጥ የለም። በዚያ ቁራጭ ላይ ባክቴሪያው የሰውን ሕዋስ የሚያጠቃባቸው ፕሮቲኖች የሚሠሩባቸው ጂኖች ነበሩ። ድንቹ ላይ ሲኖር የሚያጠቃው ሕዋስ ስላልነበረ፣ አንድ ቀን ሲባዛ ቁራጩ ቢጠፋም አልጎዳውም፤ የጎደለበት ዘር ቀጠለ። በ2002 የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የጠፋውን ክፍል ወደ ቢሲጂ መልሰው ሲያስገቡት የተወሰነ ጉልበቱ ተመለሰለት።

ከዚህ ግኝት በሕክምናው ዓለም በየቀኑ የሚሠራበት ነገር ወጥቷል። ቢሲጂ የተከተበ ሰው ክንዱ ላይ በሚደረገው የቆየ የቆዳ ምርመራ ቲቢ የተጋባበት ሊመስል ይችላል። በአርዲ 1 ላይ በሚገኙት ፕሮቲኖች የሚሠራው የደም ምርመራ ግን ክትባቱ እነዚያ ፕሮቲኖች ስለሌሉት የተከተበውን ከተጋባበት ይለያል።

ለእኔ ግን ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው የቢሲጂ ታሪክ ለተመራማሪዎቹ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ፈተና መሆኑ ነው። ክትባቱ ከፓስተር ኢንስቲትዩት ወደ ሩሲያ፣ ወደ ጃፓን፣ ወደ ብራዚል፣ ወደ ዴንማርክ ሲላክ መቼ እንደተላከ በመዝገብ ላይ ሰፍሯል። በየአገሩም ለአሥርት ዓመታት ከማሳደጊያ ወደ ማሳደጊያ ሲዛወር ኖሯል። በ1999 ማርሴል ቤርና ባልደረቦቻቸው የእነዚህን ሁሉ ክትባቶች ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ ዲኤንኤ፣ ጎን ለጎን አስቀመጡ። አርዲ 2 የሚባለው ቁራጭ ቀደም ብለው ወደ ውጭ በተላኩት ውስጥ አለ፤ ዘግይተው በተላኩት ውስጥ የለም። ስለዚህ ቁራጩ የጠፋው በ1927 እና በ1931 መካከል ፓሪስ ውስጥ ነው። የመላኪያው መዝገብ ባይኖር እንኳ የጎደሉትን ቁርጥራጮች በማየት ብቻ የትኛው ክትባት ከየትኛው እንደወጣ ማወቅ ይቻል ነበር። ዘዴው ይሠራል ማለት ነው፤ መዝገብ ወደሌለበት ወደ ጥንቱ ዘመንም ይዞት መሄድ ይቻላል።

ለዚያ ጉዞ መነሻ የሚሆን ሙሉ ጽሑፍ በ1998 ተገኘ። ስቱዋርት ኮል የመሩት የፓስተር ኢንስቲትዩት ቡድን ከእንግሊዙ ሳንገር ማዕከል ጋር ሆኖ በ1905 ከአንድ ሕመምተኛ የተወሰደውንና በላቦራቶሪ ተጠብቆ የኖረውን ኤች37አርቪ የተባለ የቲቢ ባክቴሪያ ጂኖም ከዳር እስከ ዳር አነበበ። 4,411,529 የዲኤንኤ ፊደላት፣ 4,000 ያህል ጂኖች።

ያን ጊዜ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የነበረው ታሪክ እንዲህ የሚል ነበር፦ ሰው ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ከብት ሲያላምድ፣ ከላሟ ወተትና ትንፋሽ ቲቢን ተቀበለ፤ የላሟ ባክቴሪያ፣ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ፣ ቀስ በቀስ ወደ ሰው ባክቴሪያነት ተለወጠ። ታሪኩ አሳማኝ ነበር። የላሟ ባክቴሪያ ላምንም፣ ፍየልንም፣ ሰውንም ያጠቃል፤ የሰው ባክቴሪያ ግን ከሰው ውጭ ብዙም አይኖርም። ብዙ ቤት የሚያውቀው ለአንድ ቤት ብቻ የሚሠራውን ወለደ ቢባል ማን ይጠራጠራል?

በ2002 ሮላን ብሮሽ፣ ስቴፈን ጎርደን፣ ኮልና ባልደረቦቻቸው ከሰውና ከልዩ ልዩ እንስሳት የተገኙ 100 የቲቢ ባክቴሪያዎችን ሰብስበው ጂኖማቸው ላይ 20 ቦታዎችን መረመሩ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ያለው ቁራጭ አለ ወይስ ጠፍቷል? የዚህ ጥያቄ ጉልበት ያለው በመልሱ አቅጣጫ ላይ ነው። ብዙ ባክቴሪያዎች ከጎረቤቶቻቸው ጂን ይዋዋሳሉ፤ የቲቢ ባክቴሪያ ግን እንዲህ ሲያደርግ አይታይም። አንዴ የጠፋበትን አያገኘውም። አንድ የብራና መጽሐፍ ሲገለበጥ አንድ ቅጠል ቢዘለል፣ ከዚያ ቅጂ የሚገለበጡት ሁሉ ያው ቅጠል ይጎድላቸዋል፤ ቅጠሉ ያለበት መጽሐፍ ከጎደለው ሊገለበጥ አይችልም። የቲቢውም ጉዳይ እንደዚሁ ነው።

የላሟ ባክቴሪያ የሰው ባክቴሪያ አባት ከሆነ፣ ጂኖሙ ሙሉ መሆን ነበረበት። የተገኘው ተቃራኒው ነው። አርዲ 9 የተባለው ቁራጭ በሰው ባክቴሪያ ውስጥ አለ። በምዕራብ አፍሪካ ሰዎችን በሚያጠቃው ማይኮባክቴሪየም አፍሪካነም ውስጥ የለም፤ በአይጠ መጎጥ፣ በፍየል፣ በባሕር እንስሳትና በላም ባክቴሪያዎች ውስጥም የለም። ከዚያ ወዲህ አርዲ 7፣ 8 እና 10 ከእንስሳቱ ወገን ተቆርጠዋል፤ ወደ ላሟ ሲደረስ ደግሞ አርዲ 4 ተጨምሮ ይጎድላል። የላሟ ባክቴሪያ ከቤተሰቡ ሁሉ እጅግ ብዙ ቁርጥራጭ የጠፋበት፣ በረጅም ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ነው። በዓመቱ የላሟ ባክቴሪያ ሙሉ ጂኖም ሲነበብ ነገሩ ተረጋገጠ፦ 4,345,492 ፊደላት፣ ከሰው ባክቴሪያ በ66 ሺህ ያነሰ፣ በቀረው ከ99.95 በመቶ በላይ አንድ ዓይነት። ለላሟ ባክቴሪያ ብቻ የሚሆን ጂን አንድም አልተገኘም።

እንግዲህ ሰው ቲቢን ከላም አልወሰደም። የሁለቱም የጋራ ቅድመ አያት ዛሬ ሰውን የሚያሳምመውን ባክቴሪያ የሚመስል ነበር፤ ላሟ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ዘግይታ የመጣች እንግዳ ናት።

ይህ ግኝት ኢትዮጵያ ውስጥ የሚነካው ጥያቄ ነበር። በአገራችን አንገት ላይ በሚያብጠው የንፍፊት ቲቢ የሚያዘው ሰው ብዛት ከዓለም አማካይ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ጥሬ ወተት የሚጠጣበት፣ ከብት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድርበት አገር ስለሆነ፣ ምክንያቱ የላሟ ባክቴሪያ ይሆናል የሚለው ጥርጣሬ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትን ጨምሮ የአገር ውስጥና የውጭ ተቋማት ተመራማሪዎች ከ964 ሕመምተኞች የተወሰዱ ናሙናዎችን መረመሩ፤ ገሚሶቹ የሳንባ፣ ገሚሶቹ የንፍፊት ቲቢ የያዛቸው ናቸው። ረቡማ ፍርዴሳ በቀዳሚ ጸሐፊነት ያሉበት ውጤት በ2013 ታተመ። በሳንባ ያሉትና በንፍፊት ያሉት ባክቴሪያዎች በዓይነታቸው ተመሳሳይ ነበሩ፤ የላሟ ባክቴሪያ ድርሻ እጅግ ኢምንት ሆኖ ተገኘ። የንፍፊት ቲቢም የሚመጣው በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፈው ባክቴሪያ ነው። (ይህ ጥሬ ወተት ለመጠጣት ፈቃድ አይደለም። የውጭ ዝርያ ላሞች በሚረቡባቸው የከተማ ዙሪያ እርባታዎች የከብት ቲቢ በብዛት አለ፤ በወተት የሚተላለፉ ሌሎች በሽታዎችም አሉ። ወተት ይፈላ።)

ከ964ቱ መካከል ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ወጣ። ሴባስቲያን ጋኞ እና ሌሎች ተመራማሪዎች የዓለምን የቲቢ ባክቴሪያዎች በዋና ዋና የዘር ሐረጎች ከፋፍለው ነበር፦ በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ያለው፣ ከምሥራቅ እስያ የተስፋፋው፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የበዛው፣ የምዕራብ አፍሪካዎቹ ሁለቱ፣ ሌሎችም፤ በድምሩ ስድስት። ከኢትዮጵያ የመጡት አንዳንድ ባክቴሪያዎች በስድስቱም ውስጥ ቦታ አጡ። ጂኖማቸው ሲነበብ በጥንታዊዎቹና በአዲሶቹ ሐረጎች መካከል ለብቻቸው ተገንጥለው የወጡ ሆኑ። በብዛት የተገኙት በሰሜን ምሥራቅ፣ በወልዲያና አካባቢዋ ነው። ሰባተኛው የዘር ሐረግ ተባሉ። ከአፍሪካ ቀንድና ከዚህ ከሄዱ ስደተኞች ውጭ አይታወቁም ማለት ይቻላል። በላቦራቶሪም ከሌሎቹ ዘግይተው ነው የሚበቅሉት፤ በማሳደጊያው ላይ ሌሎቹ ታይተው እነርሱ ገና አይታዩም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በኢትዮጵያ የቲቢ ባክቴሪያዎች ጂኖም ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት ሌላ የቆየ አባባል አፈረሰ። ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ቲቢን የማያውቅ ምድር ነበረ፣ በሽታው ከአውሮፓውያን ጋር መጣ የሚል አስተሳሰብ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ሲወራረስ ኖሯል። የኢትዮጵያ ባክቴሪያዎች ግን ልዩ ልዩ ሐረጎች በልዩ ልዩ ዘመን እንደገቡ፣ አንዳንዶቹም አውሮፓውያን ከመምጣታቸው እጅግ ቀድመው እዚህ እንደኖሩ አሳዩ። በ2020 ደግሞ ከሩዋንዳና ከኡጋንዳ ሁለት ሕመምተኞች ላይ ስምንተኛ ሐረግ ተገኘ፤ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ የተለየ፣ በሌሎቹ ውስጥ የጠፋ አንድ የጂኖም ክፍል ገና ያልጠፋበት።

ከዚህ ቤተሰብ ሥር ማን ይገኛል? ለዚህ ከድንበራችን እምብዛም ሳንርቅ ወደ ጅቡቲ እንሂድ። የቲቢ ባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ ሲበቅል ደረቅ፣ ሸካራና የተሸበሸበ ነው። በ1969 ጆርጅ ካኔቲ የተባሉ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሊቅ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅና ክብ ሆኖ የሚበቅል ባክቴሪያ ከአንድ ሕመምተኛ ለዩ። ብርቅ ሆኖ ቆየ፤ እስካሁንም በዓለም ላይ የተገኘው 100 አይሞላም። አብዛኛው ግን ከአንድ ቦታ፣ ከጅቡቲ ነው። በ2013 ጂኖማቸው ሲነበብ ከተለመደው የቲቢ ባክቴሪያ የሚረዝም፣ እርስ በርሳቸውም እጅግ የሚለያዩ ሆነው ተገኙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እነዚህ ባክቴሪያዎች ጂን ይለዋወጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ቁራጭ ወስዶ በራሱ ውስጥ ያስገባል። ከሰው ወደ ሰው ስለመተላለፋቸውም ማስረጃ የለም፤ ከአካባቢው የሚመጡ ይመስላል። ከእነዚህ ልውውጥ ከሚያውቁ ዘመዶች መካከል አንዱ ወገን ወደ ሰው ሳንባ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ልውውጡን ትቶ፣ እየጠበበ፣ በሳል ከሰው ወደ ሰው መሄድን ተካነ። ዓለምን ያዳረሰው እርሱ ነው።

በር ዘግቶ የተቀመጠው ባክቴሪያ እንዴት ከሰው የመከላከያ ኃይል እንዳመለጠ ለማወቅ ኢኛኪ ኮማስ፣ ጋኞና ባልደረቦቻቸው በ2010 የ21 ባክቴሪያዎችን ጂኖም አነጻጸሩ። የጠበቁት ሁሉም የሚጠብቀውን ነበር። የጉንፋን ቫይረስም፣ የወባ ተውሳክም ሰውነታችን የሚያውቅበትን ክፍል እየለዋወጡ ነው የሚያመልጡት፤ ቲቢም እንዲሁ ያደርጋል ብለው የመከላከያ ሕዋሶቻችን የሚለዩአቸውን 491 ቁርጥራጮች ፈተሹ። ለውጥ የጠፋው እዚያው ላይ ነበር። ከጂኖሙ ሁሉ ይበልጥ ሳይነኩ የተጠበቁት ሰውነታችን የሚያውቃቸው ክፍሎች ናቸው።

ይህ ውጤት ክትባት ለሚሠራ ሰው ከባድ መልእክት አለው። ባክቴሪያው መታወቅን አይሸሽም፤ እንዲያውም የሚጠቅመው ይመስላል። ሳንባን የሚበሳው፣ ሳሉን የሚያመጣው፣ አክታውን በባክቴሪያ የሚሞላው በአብዛኛው የራሳችን የመከላከያ ኃይል ቁጣ ነው። ያ ቁጣ ባይኖር ባክቴሪያው ወደሚቀጥለው ሰው የሚሄድበት መንገድ አይከፈትለትም። ሰውነታችን ባክቴሪያውን በኃይል እንዲያጠቃው ማድረግ ብቻ በቂ አለመሆኑን ካሳዩን ጥናቶች ሁሉ እኔ ይህን አስቀድማለሁ።

አንድ ጥያቄ ገና ያከራክራል፤ እርሱም የባክቴሪያው ዕድሜ ነገር ነው። በ2013 ኮማስና ጋኞ 259 ጂኖሞችን አነጻጽረው የባክቴሪያው የዘር ሐረግ ከሰው ልጅ የዘር ሐረግ ጋር እንደሚመሳሰል አዩና፣ ቲቢ ከ70,000 ዓመት በፊት ከሰው ጋር ከአፍሪካ ወጣ አሉ። በዓመቱ የኪርስተን ቦስና የዮሐንስ ክራውዘ ቡድን ከፔሩ የ1,000 ዓመት ዕድሜ ካላቸው አጽሞች የቲቢ ባክቴሪያ ዲኤንኤ አወጣ። ባክቴሪያው ዛሬ በባሕር አንበሶችና በባሕር ውሾች ላይ ከሚገኘው ጋር የቅርብ ዘመድ ሆነ፤ ኮሎምበስ ሳይደርስ በሽታውን ወደ ፔሩ ያሻገሩት የባሕር እንስሳት ሳይሆኑ አይቀሩም። የአጽሞቹ ዕድሜ ስለሚታወቅ፣ ጂኖሙ በስንት ዓመት ስንት ፊደል እንደሚለውጥ ማስላት ተቻለ። ስሌቱ የቤተሰቡን የጋራ ቅድመ አያት ከ6,000 ዓመት በታች አወረደው። በ2020 ደግሞ በ1679 ከሞቱትና አስከሬናቸው ሳይፈርስ ከቆየው ከስዊድኑ የሉንድ ጳጳስ ከፔደር ዊንስትሩፕ ሳንባ፣ ጠጥሮ ከቀረ ትንሽ እብጠት ውስጥ ጥርት ያለ ጂኖም ተነበበ፤ እርሱም ይህንኑ አጭር ዘመን ደገፈ። እኔ በዕድሜያቸው በታወቁ አጽሞች ላይ የተመሠረተው ስሌት ይበልጥ ያሳምነኛል። በየትኛውም ስሌት ግን ላሟ የመጀመሪያዋ አይደለችም።

ወደ ወልዲያ ልመለስ፤ ለእኛ የሚቀረው ሥራ ያለው እዚያ ነውና። በ2015 በአማራ ክልል የተደረገ ጥናት በሰባተኛው የዘር ሐረግ የተያዙ የሳንባ ቲቢ ሕመምተኞች ወደ ሕክምና የሚሄዱት ከሌሎቹ እጅግ ዘግይተው መሆኑን አሳይቷል። በላቦራቶሪ ቀስ ብሎ የሚያድገው ባክቴሪያ በሰውም ላይ ቀስ ብሎ የሚያሳምም ይመስላል። ሕመሙ ስለማይበረታ ሰውየው ብርድ ነው፣ ድካም ነው እያለ ይሰነብታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አብረውት የሚያድሩት ልጆች ከእርሱ ጋር ይተነፍሳሉ። ስለዚህ አንባቢዬ፣ እርስዎም ሆኑ ቤተሰብዎ ውስጥ ያለ ሰው ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ፣ ወይም አንገት ላይ የማይጠፋ እብጠት ከታየ፣ እስኪብስ አይጠብቁ። በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ፤ የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።